በስምዎ ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ የማን ነው?

በአሜሪካ የሚኖሩ አድማጮች ስለ ኤስኤስአይ በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የጥቅማ ጥቅም አማካሪያችን የሰጡት መልስ ቀጥሎ ቀርቧል። ኤስኤስአይ ገቢያቸውና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና 65 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን የፌዴራሉ መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ ሲሆን፣ የ2026 ጣሪያው ለአንድ ሰው 994፣ ለባልና ሚስት 1,491 ዶላር ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የ9 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። እኔም አባቱም እንሠራለን፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆነብን። ሕመሙን አላመኑንም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እመቤቴ። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከወላጆቹ ገቢ ከፊሉ እንደ ልጁ ገቢ ስለሚቆጠር፣ ሐኪሙ የጻፈው ምንም ይሁን ምን ሂሳቡ አላለፈም። 18 ሲሞላው የሚታየው የራሱ ገቢና ንብረት ብቻ ነውና ያን ጊዜ እንደገና ያመልክቱ። የሜሪላንድ የኦቲዝም ዌቨር፣ ማለትም በቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ ድጋፍ የሚሰጠው የሜዲኬይድ ፕሮግራም፣ ግን የወላጅን ገቢ አያይም፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ስሙን አሁኑኑ ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አልችልም። አስተርጓሚ ከፍዬ ልውሰድ?

መልስ፦ አይክፈሉ፤ ኤስኤስአይን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ በነጻ ያቀርባል።

ጥያቄ (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ በወገብ ሕመም ምክንያት ኤስኤስአይ እቀበላለሁ። የዕቁብ ሰብሳቢም ነኝ። ገንዘቡ በሂሳቤ ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራት ቀን ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ያውም ከባድ። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የምሰማው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ያላገባ ተቀባይ ሊኖረው የሚችለው ንብረት ከ2,000 ዶላር፣ የባልና ሚስት ደግሞ ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። ይህ ጣሪያ ከ1989 ወዲህ አልተነሣም፤ ኑሮው የት እንደደረሰ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ በባንክ ያለው ገንዘብ ግን ይቆጠራል፤ የሚታየውም ወሩ በገባበት የመጀመሪያ ቅጽበት የነበረው መጠን ነው። ስለዚህ በወር መጨረሻ ሰብስበው ወሩ በገባ በ2ኛው ቀን ለባለ ዕጣው የሚያስረክቡት 10,000 ዶላር፣ ለሦስት ቀን ብቻ እጅዎ ላይ ቢቆይም፣ የዚያን ወር ክፍያ ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣዎት ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ የተቀባዮቹን የባንክ ሂሳብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ራሱ ስለሚያጣራ፣ ማን ያውቅብኛል ማለት አይጠቅምም። «ገንዘቡ የሌሎች ነው» የሚለው መከራከሪያ በሕግ ቦታ አለው፤ የሚረዳው ግን ማስረጃ የያዘን ሰው ነው፣ የእኛ የዕቁብ ደብተር ደግሞ ግማሹ በቅጽል ስም የተሞላ ነው።

ከጊዜ በኋላ «ያለአግባብ ተከፍሎዎታልና ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እባካችሁ፣ ደብዳቤውን ክፈቱ፤ ቀኑን እዩ። እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ፍሪጅ ላይ የተሰቀለ ደብዳቤ ስንቱን ሰው ይግባኝ እንዳሳጣው እኔ አውቃለሁ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ደንግጦ የራስን ገንዘብ ወደ ወንድም ስም ማዞር ነው፤ ንብረቱን ያለ ተመጣጣኝ ዋጋ ያስተላለፈ ሰው እስከ 36 ወር ድረስ ከክፍያ ሊታገድ ይችላል። ሰብሳቢነቱን ዛሬውኑ ለሌላ ሰው ያስረክቡ። ለራስዎ መቆጠብ ከፈለጉ ኤብል የሚባል ሂሳብ አለ፦ ጉዳቱ ከ46 ዓመት ዕድሜ በፊት ለጀመረው ሰው የተፈቀደ ሲሆን፣ በውስጡ እስከ 100,000 ዶላር ያለው ገንዘብ ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። ይህን የሰማ ሁሉ ደግሞ ዕቁቡን ወደ ኤብል እንዳያዛውር!

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ለእናቴ ተዝካር አዲስ አበባ ሁለት ወር ልቆይ ነው። ክፍያዬ ይቀጥላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። አይቀጥልም። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀናት የቆየ ሰው ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀናት እዚህ እስኪቆይ ድረስ አይጀምርለትም። ሳይሄዱ አስቀድመው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። የባንክ ካርድን ለልጅ ሰጥቶ ዝም ብሎ መሄድ ግን ዕዳ ገዝቶ መምጣት ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማኅተም ይናገራል።

ጥያቄ፦ የግማሽ ቀን ሥራ ብጀምር ሁሉንም አጣለሁ?

መልስ፦ አያጡም። ሌላ ገቢ ከሌለዎት ከደመወዝዎ የመጀመሪያዎቹ 85 ዶላር አይነኩም፤ ከቀረውም ግማሹ ብቻ ከድጎማው ይቀነሳል። በወር 985 ዶላር ቢያገኙ የሚቀነሰው 450 ነው። ደመወዙን እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን ድረስ ያስታውቁ፤ ደረሰኝ ይያዙ። ሥራ ለሚጀምሩ ተቀባዮች የተመደቡ ነጻ አማካሪዎችም ስላሉ ከመፈረምዎ በፊት ያነጋግሯቸው።

ጥያቄ (በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ወጣት፣ ከቨርጂኒያ)፦ ስቴቱ ስለ ዌቨር አስተያየት ስጡ ይለናል። የሚሰማን ከወሰነ በኋላ ይመስለኛል። መሄዱ ዋጋ አለው?

መልስ፦ ጥርጣሬሽ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ልጄ፤ አንዳንዱ ስብሰባ ለይስሙላ ነው። ሆኖም ስቴቱ የዌቨሩን አሠራር በመሠረቱ ሲለውጥ ቢያንስ ለ30 ቀናት የሕዝብ አስተያየት የመቀበል ግዴታ አለበት። በአዳራሽ የተናገርሽው ሊዘነጋ ይችላል፤ በጽሑፍ የላክሽው ግን መዝገብ ላይ ይቀመጣልና ጽፈሽ ላኪ፣ ቅጂውንም አስቀሪ። በየስቴቱ በሚገኘው የእድገት አካል ጉዳት ምክር ቤትም ቢያንስ 60 በመቶው አባላት ጉዳቱ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው እንዲሆኑ ሕጉ ያዛል። ከእነዚያ ወንበሮች በአንዱ የእኛ ሰው ተቀምጦ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ። እንደ አዲስ ላመልክት?

መልስ፦ ይግባኝ ይበሉ እንጂ አዲስ አይጀምሩ፤ የቀድሞውን ማመልከቻ ቀን ሊያጡ ይችላሉ። ደብዳቤው ከደረሰዎት ጀምሮ 60 ቀን አለዎት፤ በላዩ ከተጻፈው ቀን በ5 ቀን ውስጥ ደርሶዎታል ተብሎም ይገመታል። ቀኑን እዩ የምለው ለዚህ ነው። በተለመደው ውል ጠበቃው የሚከፈለው ጉዳዩን ካሸነፈ ብቻ ነው፤ ከውዝፉ ክፍያ እስከ 25 በመቶ፣ ከተወሰነው ጣሪያም ሳይበልጥ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ፈቃድ ይወስዳል። ቅጽ ልሙላልህ ብሎ ቅድሚያ የሚያስከፍለውን ይራቁ። የሕክምና መዝገብዎን ሳላይ ከዚህ በላይ በአየር ላይ ልነግርዎ አልችልም፤ ደብዳቤውን ይዘው ነገ ጠዋት ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ አገልግሎት ዘንድ ይሂዱ።