ከመፍረሱ በፊት እናንሳው

አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ! እንደምን አላችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ የድሮን ስልጠናችሁን የጨረሳችሁ የጅማ ልጆች፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ስለ ድሮን ንገረን ተብዬ ነው የቆምኩት። እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ቤት ልንገራችሁ።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ነበር። ጠና ያላችሁት ታስታውሱታላችሁ። ፎቁ የእንጨት፣ ሰገነቱ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ። ባለቤቱ የአያቴ ወንድም፣ ቡና ነጋዴ ነበሩ። የሰገነቱ መደገፊያ እያንዳንዱ እንጨት በእጅ የተጠረበ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። የጅማን በርጩማ ያየ ሰው ያን እጅ ያውቀዋል። ሦስተኛው እንጨት ላይ ስንጥቅ ነበረች፤ ልጆች ሆነን ሳንቲም እንደብቅባት ነበር።

መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ። ጠዋት ተጀመረ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንጨቱ ለማገዶ እየተጫነ ነበር።

መንገዱን አልቃወምም። ከተማ ማደግ አለበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከወራት በኋላ ቤቱን ልስለው ፈልጌ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ሄድኩ። ዛሬ ና፣ ነገ ና ከተባልኩ በኋላ ፋይሉ ወጣ። ውስጡ አንዲት ወረቀት። በእስክሪብቶ አራት ማዕዘን ተስሏል። ከስሩ «የእንጨት ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን» ይላል። በቃ! ሦስት ትውልድ የኖረበት ቤት በአራት ቃል! ሜትር ይዞ የመጣው ሰው ካሬውን አስልቷል፤ ሰገነቱን ግን ቀና ብሎ አላየውም!

ያኔ አንድ ድሮን ብናገኝ ግማሽ ቀን ይበቃን ነበር። ድሮኑ ቤቱን እየዞረ ፎቶ ያነሳል። አንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደራረባል። ያቺ ስንጥቅ በብዙ ፎቶ ላይ፣ ከብዙ አቅጣጫ ስትታይ፣ ሶፍትዌሩ የት እንዳለች አስልቶ ያገኛታል። እንዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይሰበሰባሉ። ከነሱ ነው እንደፈለግን የምናዞረው፣ የምንለካው ስሪ ዲ ሞዴል የሚወጣው። ፎቶግራሜትሪ ይሉታል።

ሰልጣኞች፣ የልምምዱን ቤት አትርሱ። ጣሪያው አምሮ ወጣ፤ ከክፈፉ ስር ያለው ግድግዳ ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ድሮን ከላይ ሆኖ በረንዳ ስር አያይም። ካሜራ ይዛችሁ በእግር ግቡ። መሬት ላይ የተለካ ምልክት ሳታስቀምጡም ልክ ነው ብላችሁ አታስረክቡ።

የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃጠለ። አንድሩ ታሎን የሚባል ምሁር ግን አስቀድሞ በሌዘር ለክቶት ነበር። እሱ እሳቱ ከመነሳቱ 5 ወር በፊት አርፏል፤ ልኬቱ ግን ለመልሶ ግንባታው ደረሰ። የላሊበላንም አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት ለክቷቸዋል። የኛን የጅማን ማን ይምጣና ይለካልን? እስከ መቼ ነው ሰው የምንጠብቀው? ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ነው፣ ጭቃ ነው። ምስጥ ቀጠሮ አይሰጥም! ጣሊያን የሠራቸው ቤቶችም፣ መርካቶ የቀሩት የእንጨት ፎቆችም እንደዚያው።

ለአስተዳደሩ አንድ ጥያቄ አለኝ። አሮጌ ቤት እንዲፈርስ ሲፈቀድ፣ ከመፍረሱ በፊት ፎቶ ይነሳ። አንድ አንቀጽ ጨምሩልን። የማብረር ፈቃዱን እኛ እንጨርሳለን፤ ፋይሉንም በነፃ እናስረክባለን።

ወላጆች፣ ቤታችሁ የድሮ ፎቶ ካለ አምጡልን። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው ግድግዳ ይጠቅመናል። የአያቴ ወንድም ሰገነት የታየበት ካለማ፣ ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ አናግሩኝ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።