ክሩዝ ኮንትሮል በምን ይለቃል? ለኮምቦልቻ አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናገረው ክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም ነዳጅ ሳንረግጥ መኪናውን በመረጥነው ፍጥነት የሚያስኬደው መሣሪያ፣ ፍጥነት ስለሚይዝበት መንገድ ሳይሆን ስለሚለቅበትና አልያዝም ስለሚልበት ምክንያት ነው፤ እግራችንን ከነዳጅ ፔዳል ላይ አንስተን መኪናውን ለመሣሪያ ከመስጠታችን በፊት፣ በምን መልሰን እንደምንረከበው ማወቅ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋናው መልቀቂያ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ የተገጠመ ትንሽ ስዊች ነው። በብዙ መኪኖች ይህ ስዊች ሁለት ሥራ አለው፤ በአንዱ መስመር የኋላውን የፍሬን መብራት ያበራል፣ በሌላው ክሩዙን ያስለቅቃል። የሁለቱ መስመሮች መልእክት ካልተስማማ የመኪናው ኮምፒውተር ስለሚጠራጠር ክሩዙ እንዲያዝ አይፈቅድም።

አንድ ጊዜ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሾፌር ከወልድያ መጥተው፣ ክሩዙ አልያዝ ካለ ወር እንዳለፈውና ባትሪውም እያደረ እንደሚሞትባቸው ነገሩኝ። ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን ሳነሳ ከፔዳሉ ሥር የፕላስቲክ ፍርፋሪ አገኘሁ። በፔዳሉ ክንድ ላይ ሆና ስዊቹን የምትጫነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለው ፕላስቲክ አርጅታ ተሰባብራ ነበር። ስለዚህ ስዊቹ ፍሬኑ ሁልጊዜ እንደተረገጠ ይቆጥር ነበር፤ የኋላ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያድራል፣ ክሩዙም ፍሬን በተረገጠበት መኪና ላይ መያዝ ስለሌለበት አይያዝም። ክሩዙ አንዳች ብልሽት አልነበረበትም።

በእጅ ማርሽ መኪኖች የፍሪሲዮን ፔዳሉም የራሱ ስዊች አለው። ይህ ስዊች በመላላቱ ክሩዙ ያልያዘበትን መኪና አንድ ጋራዥ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝቶ በጥቁር ቴፕ በመጠቅለል «አስተካክሎ» እንደመለሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ በከሚሴ መንገድ ላይ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ ክሩዙ አልለቀቀም ነበርና ሞተሩ ጭነት አጥቶ ጮኸበት። እባካችሁ ባለሙያዎች፣ ይህን አታድርጉ፤ ስዊቹን ማስተካከል ወይም መቀየር እንጂ ማታለል ጥገና አይባልም።

ሌሎቹን ምክንያቶች ባጭሩ ልጥቀስ። አብዛኞቹ መኪኖች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች ክሩዝ አይዙም፤ ማርሹ ዜሮ ሲገባ፣ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ከተያዘው ብዙ ሲወርድ ወይም ጎማ ተንሸራቶ የመንሸራተት መከላከያው ሲሠራ ይለቃሉ፤ በብዙዎቹም የሞተር ምልክት መብራት ከበራ ክሩዙ ይታገዳል።

ነዳጅ መርገጥ ግን ክሩዝ አያጠፋም። ቀድማችሁ አልፋችሁ እግራችሁን ስታነሱ መኪናው ቀድሞ ወደተያዘው ፍጥነት ይመለሳል እንጂ አይለቃችሁም። በፍሬን ሲለቅም የተያዘው ፍጥነት ከማስታወሻው አይጠፋም፤ በቆቦ ሜዳ 80 ላይ ይዞ የመጣ ሰው ሮቢት ከተማ ውስጥ በ50 እየሄደ ወደተያዘው ፍጥነት የሚመልሰውን ቁልፍ ሳያስበው ቢነካ፣ መኪናው በሕፃናትና በከብት መካከል ወደ 80 መፍጠን ይጀምራል። ስለዚህ ከተማ ስትገቡ ዋናውን ማጥፊያ ተጫኑ፤ በብዙ መኪኖች ያን ጊዜ ማስታወሻውም ይሰረዛል።

ከደሴ ወደዚህ ስትወርዱ ጭራሽ አታብሩት። የተለመደው ክሩዝ በእጁ ያለው ነዳጁ ብቻ ስለሆነ፣ 600 ሜትር ያህል በሚወርደው በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መኪናው ከተያዘው ፍጥነት አልፎ ሲሮጥ ሊያቆመው አይችልም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ነው። በክረምት ዝናብና በጦሳ ጭጋግም እንዲሁ ይጥፋ።

ያቺን የተፈረፈረች ፕላስቲክ ይዣት መጥቻለሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፉና ተመልከቷት። ከዚያ በኋላ ደጅ ወደቆሙት መኪኖቻችሁ እንሂድና፣ አንዱ ፍሬን ሲረግጥ ሌላው ከኋላ መብራቱን እያየ፣ አንድ በአንድ እንፈትሻቸው።