አዋጁ ሞልቶ፣ ጉባኤው ጎድሎ
(የእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ጸሎቱን ላደረሱልን ቄሰ ገበዛችን፣ አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ እንጀራ ሲጋግሩ ላደሩት እናቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን። በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር። ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ እኔ ለእናንተ አልተርክም። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ለቀብር የሚመጣ ዘመድ በየኬላው ሲቀር ሁላችንም አብረን ነበርን።

ሥራችንን በአጭሩ ልናገር። የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ተቀይሯል። አግዳሚዎቹ ተጠግነዋል፣ ብረት ድስትም ተጨምሯል። ለሐዘንተኛ ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ከፍ ብሏል፤ ከጤፍ ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን «ከፍ ብሏል» ለማለት አፌ ይያዛል። ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ፣ ኦዲት ኮሚቴውም አይቶታል። ከዚህ በላይ በሪፖርት አላደክማችሁም።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ በጥቅምት ወር የደረሰን ደብዳቤ ነው። ያላያችሁት ከጸሐፊያችን ዘንድ ታገኙታላችሁ። አንድ ገጽ ነው፤ በኮምፒውተር ተጽፎ ከግርጌው በቀይ ቀለም የጣት አሻራዎች ተደርድረውበታል። «እኛ የታች ሰፈር ነዋሪዎች ከዛሬ ጀምሮ ራስ ገዝ ጉባኤ መሆናችንን፣ በማንም ደንብና በማንም መዝገብ የማንያዝ መሆናችንን አውጀናል» ይላል። ወርሃዊ መዋጮው በዚያው ወር ቆመ። ትልቁ ድንኳን ደግሞ ቀደም ብሎ ለተዝካር ተብሎ በፊርማ የወጣ ነበር፤ እስካሁን አልተመለሰም። ራስ ገዝ ከሆኑ በኋላም የእኛን ድንኳን መገልገሉ አልከበዳቸውም።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ጠይቄ ደርሼበታለሁ። ከአሜሪካ የሚሠራጭ፣ ወጣቶቹ በስልክ የሚያዩት ትምህርት ነው። ሰው «ፖለቲካዊ ማንነቴ ይህ ነው» ብሎ ወረቀት ከሞላ፣ አሻራውን ካኖረ፣ መሰሎቹንም ሰብስቦ ጉባኤ ካቆመ ከፍርድ ቤትም ከግብርም ነጻ ይወጣል ይላል። ልጆቻችን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሰሙት። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ የአገሩ ፍርድ ቤቶች ይህ ክርክር በቀረበላቸው ቁጥር ውድቅ አድርገውታል። እንዲህ ያለ ከንቱ ምክንያት ይዞ የግብር ማስታወቂያ የሚያቀርብ ሰው 5,000 ዶላር እንደሚቀጣም በሕጋቸው ተደንግጓል። በዚያው በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት አንድ ቡድን በአንድ እርሻ ላይ የራሱን አስተዳደር አውጆ፣ የራሱን ፍርድ ቤት አቁሞ፣ የራሱን ቼክ እየጻፈ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራል ፖሊስ ለ81 ቀናት ከቦ ጠበቃቸው፤ በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ። መሪያቸው ከሃያ ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። የፈረደበት ዳኛም እነሱ «አናውቀውም» ያሉት ፍርድ ቤት ዳኛ ነው።

«የእኛ አገር ሌላ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት የራስን ዕድል በራስ መወሰንን በግልጽ ጽፎታል። ነገር ግን በስንት በር እንደሚያሳልፍ ተመልከቱ። በአንቀጽ 47 መሠረት ክልል ልሁን ያለ ሕዝብ ጥያቄውን አስቀድሞ በራሱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል። ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል፣ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ ሥልጣንም ርክክብ ይደረግበታል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ወሰነ። ዓመቱ ሞልቶ ሕዝበ ውሳኔው ሲዘገይ የሰው ሕይወት ጠፋ። ድምፁ ኅዳር 10 ቀን 2012 ተሰጠ፤ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው ክልልነትን መረጠ፤ ያም ሆኖ ርክክቡ ሰኔ ደረሰ። ሶማሌላንድን እንይ ካልን ደግሞ፣ በግንቦት 1983 ሽማግሌዎቿ ቡርዖ ከተማ ላይ ተሰብስበው ነጻነቷን አወጁ። የራሷን ገንዘብ አሳትማ፣ ምርጫ እያካሄደች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድም የተባበሩት መንግሥታት አባል አገር ዕውቅና ሳይሰጣት ኖረች። እነዚህ ሁሉ ሕዝብ ናቸው፣ ምድርና ወሰን አላቸው። የእኛ የታች ሰፈር ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ነጻ የምንወጣው ከማን ነው? ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን በስም ጠቅሶ «እናንተን አይመለከትም» ብሎ ትቶናል። ደንባችንን ያወጣነው እኛ ነን። የቀረ አባል የሚቀጣው እኛው ባጸደቅነው ቅጣት ነው። እኔንም የሾመኝ ቀበሌ አይደለም፤ እጃችሁን አውጥታችሁ የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። በእርግጥ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው የመረጣችሁኝ፤ ቢሆንም ምርጫ ምርጫ ነው። ድንኳን ተከራይተን አናውቅም፣ ለማንም አቤት ሳንል ቀብረናል፣ አጽናንተናል፣ የተጣላ አስታርቀናል። አባቶቻችን ያቆዩልን ይህን ነው። አሁን በደብዳቤ የታወጀው ነገር ድሮም በእጃችን ነበር።

በእጃችን የሌለው ጉባኤው ነው። ዛሬ እንኳ ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ አግዳሚዎቹን ተመልከቱ። ደንባችን ከግማሽ በላይ አባል ካልተገኘ ጉባኤ አይባልም ይላል። በዚህ ዓመት ተጠርተን፣ ተቀምጠን፣ ስም ተጠርቶ፣ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ የተበተንንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አልነበረም። የሚፈራ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህ ዘመን ከቤት መውጣት የሚከብደውን አባል አልወቅስም። የምወቅሰው ማታ ማታ ከመጠጥ ቤት የማይቀረውን፣ እሑድ ጠዋት ለእድር ሲጠራ ግን «ጸጥታው አላስወጣኝም» የሚለውን ነው። እሱ ሰው ራሱን ያውቃል።

በ1960 የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን አልቀበልም ሲል ምን ይዞ ነበር? ወረቀት አልነበረውም። በየአጥቢያው ተሰብስቦ፣ ተማምሎ፣ መሪውን መርጦ ተነሳ። አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት፤ አልተበተነም። በኋላ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ከእናንተ መካከል ያን ጊዜ በልጅነት ያያችሁ አላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ብትነግሯቸው ይሻላል።

አሁን እዚህ ለሌለ አንድ ወንድማችን ልናገር። ስምህን አልጠራም፤ ንግግሬን ቀድተው እንደሚያሰሙህ ግን አውቃለሁ። ደብዳቤውን ያረቀቅኸው አንተ ነህ፤ አማርኛህ ያስታውቃል፣ ጥሩ አድርገህ ትጽፋለህ። እናትህ ባረፉ ጊዜ ክረምት ነበር። ያች ድንኳን በማዕዘኗ በኩል ተቀድዳ ዝናቡ በሐዘንተኛው ላይ ሲወርድ፣ የጎረቤትህ ሚስት ሌሊቱን በፋኖስ፣ በሰማያዊ ሲባጎ ሰፍታልሃለች። ስፌቱ አሁንም አለ፤ ድንኳኗ አንተ ዘንድ ስለሆነች ሄደህ እየው። ቅሬታ አለህ፣ ግማሹም ትክክል ነው። የመዋጮው ቅጣት በዝቷል ያልከውን እኔም እስማማበታለሁ። ግን ያንን እዚህ ተነሥተህ ብትናገር ኖሮ ባለፈው ዓመት ይሻሻል ነበር። አንድም ቀን አልመጣህም። ራሱን የሚያስተዳድር ጉባኤ አቋቁሜያለሁ ስትል፣ የነበረህን ጉባኤ ስንት ጊዜ ረግጠህ ታውቃለህ?

ስለ ማንነት ማወጅ ከተነሣ እኔም የማወጀው አለኝ። የአባላት መዝገባችንን ግለጡት። በየገጹ የሞቱ ወንዶች ስም ዛሬም በአባልነት ተጽፏል፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ባለቤቱ ትከፍላለች» የሚል አለ። ከፋይዋ እሷ፣ ወጥ ሠሪዋ እሷ፣ አባሉ ሟች! በስዊዘርላንድ ግላሩስና አፔንዘል ኢነርሮደን የሚባሉ ሁለት ካንቶኖች፣ በእኛ አነጋገር ክልሎች፣ እስከ ዛሬ በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥተው እጅ በማውጣት ሕግ ያወጣሉ። ራስን በራስ ማስተዳደር ሲባል ዓለም የሚጠቅሳቸው ናቸው። የአፔንዘል ወንዶች ግን ሴቶቻቸው በዚያ አደባባይ ድምፅ እንዳይሰጡ እምቢ እንዳሉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሩ የበላይ ፍርድ ቤት ነው ያስገደዳቸው። እኛን የሚያስገድድ ፍርድ ቤት የለም፤ በራሳችን እናድርገው። ከዛሬ ጀምሮ መበለቶቻችን በራሳቸው ስም ይመዝገቡ፣ በራሳቸው እጅ ይምረጡ፣ ቢፈልጉም ይመረጡ። ጎበዝ፣ የምልዓተ ጉባኤ ችግራችንም ግማሹ በዚህ ይፈታል፤ እነሱ እንደሆኑ አይቀሩም።

ስለ ታች ሰፈር አመራሩ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማንንም አናባርርም። እስከ መጪው ትንሣኤ ድረስ ድንኳኗን መልሰው፣ ውዝፉን ያለ ቅጣት ከፍለው መግባት ይችላሉ። ለብቻችን እድር እንሁን ካሉም መብታቸው ነው፤ ግን ሦስት ሽማግሌ ልከው፣ በዚህ ጉባኤ ተነጋግረን፣ ንብረቱን በሒሳብ ተካፍለን እንሸኛቸዋለን። በዚያ መካከል ከነሱ ሰፈር ሰው ቢሞት ጡሩንባው ይነፋል፣ ሄደን እንቀብራለን። በቀብሩ ላይ ድምፅ አንሰጥም፣ ክርክርም አልቀበልም።

ድምፅ የምንሰጥባቸው ሁለቱ ናቸው፦ የመበለቶቹ ምዝገባና የምሕረት ጊዜው። ጸሐፊያችን ስም ይጥሩ። ዛሬ ከሞላን ቡናው ሳይደርስ እንወስናለን፤ ካልሞላን ደግሞ ልጆቹ ቤት ለቤት ሄደው የቀሩትን ይጥሩልን፣ እስኪመጡ እዚሁ እንቀመጣለን።