ትጥቅ የሚሉት ቃል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ስላልቻለኝ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ድምፄ ከታፈነባችሁ ጥፋቱ የጋቢው ነው።

ያደግሁት መንዝ ነው። ቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር፣ የአያቴ። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው። ሲተኮስ ሰምቼው አላውቅም። አባባ ግን በየዓመት በዓሉ አውርደው ይወለውሉታል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012፣ የወጣ ሰሞን ስብሰባ ተጠራ። የመጣው ልጅ ወጣት ነው፣ ክፋት የለበትም። «ሕገወጥ መሣሪያ በእጃችሁ ያለ» ብሎ ጀመረ። አባባ ኩታቸውን አጣፍተው ውልቅ አሉ። ቤት ሲገቡ ለእማማ ያሏት አንድ ነገር ነው፦ «ሕገወጥ አለን እኮ!» ልጁ የተናገረው ስለ ብረቱ ነበር። እሳቸው ስለ ራሳቸው ሰሙት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ምዝገባውን እደግፋለሁ። ለሠርጉም ለለቅሶውም ወደ ሰማይ ሲተኮስ ጥይቱ የት ያርፋል? ግን «ትጥቅ ፍታ» የሚለው አነጋገር ሁሌም ይከነክነኛል። ትጥቅ እኮ ወገብ ላይ የሚጠመጠመውም ነው። ለሥራ የሚነሣ ሰው ወገቡን ታጥቆ ነው የሚነሣው። አንድን አባወራ በልጆቹ ፊት «ትጥቅህን ፍታ» በሉትና ፊቱን እዩት። ከዚያ በኋላ አንቀጽ ብታነቡለት አይሰማችሁም።

መጋቢት 2015ን አስታውሱ። መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን «መልሶ ማደራጀት» አለ፦ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ። እዚህ ካፌ ውስጥ ያንኑ ነገር «ትጥቅ ማስፈታት» ሲሉት ሰማሁ። ሁለት ጓደኞቼ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጣሉ። አንዱ ስለ መዋቅር ያወራል፣ ሌላው ማን ይጠብቀናል ይላል። ማኪያቶው ቀዘቀዘ፣ አልተግባቡም።

ነፍጥ የሚለውንም ተዉት። ጠመንጃ ማለት ነበር። ነፍጠኛ ደግሞ ያው ባለ ጠመንጃው ወታደር። ዛሬ ቃሉ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ላይ ይለጠፋል። አንዱ በስድብ ይወረውረዋል፣ ሌላው በኩራት ይለብሰዋል።

ይህ የእኛ ብቻ አባዜ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ኤአር 15 የሚሉት ጠመንጃ አላቸው። ይከልከል የሚሉት «የጥቃት መሣሪያ» ይሉታል፣ ሻጮቹ «ዘመናዊ የስፖርት ጠመንጃ»። ኤአር የሚለውን «የጥቃት ጠመንጃ» የሚል ምህጻር አድርጎ የሚወስድ ብዙ ነው፤ የመጣው ግን አርማላይት ከሚባለው ኩባንያ ስም ነው። ደግሞ እነሱ በፈረንጆቹ ከ1791 ጀምሮ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ መሣሪያ ስለ መያዝ «መብት» የሚል ቃል አላቸው። የእኛ አዋጅ የሚያወራው ስለ «ፈቃድ» ነው። መብት ያለው ሰው «ለምን ትወስድብኛለህ?» ብሎ ይሞግታል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ደጅ ይጠናል።

ባለፈው ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ምሰሶው ባዶ ነው።

«አባባ፣ ውጅግራውስ?» አልኳቸው።

«ተቀምጧል» አሉኝ።

ማን እንዳስቀመጠው፣ የት እንደተቀመጠ አልጠየቅሁም። እሳቸውም ጠላ ቅዱለት ብለው ወሬ ቀየሩ።