ከሱረቱ መርየም እንጀምር

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ይህ የቁርኣን ኮርስ በተጀመረ ቁጥር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ እጅ ይወጣል። «መምህር፣ ይህን የምንማረው ሙስሊሞችን በክርክር ልንረታቸው ነው?» አይደለም። ጠያቂውን ግን አልወቅሰውም፤ እኔም ያው ነበርኩ።

በናንተ ዕድሜ ሳለሁ ቁርኣንን የገለጥኩት ስህተት ለመልቀም ነው። አራት አምስት ጥቅስ በቃሌ ይዤ የሰፈራችን ባለሱቅ ዘንድ ሄድኩ። ሙስሊም ናቸው፤ ከልጅነቴ ያውቁኛል። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ከሱ በፊት ያለውን አንብበሃል?» አሉኝ። አላነበብኩም። የተላክሁትን ስኳር ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ ከስም እንነሳ። ብዙዎቻችን ሰውየውን «እስላም» እንለዋለን። ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ ሰውየው ሙስሊም። «መሐመዳዊ» የሚለውንም ከአሮጌ መጻሕፍት አታምጡብኝ። ሙስሊም የሚያመልከው አላህን ነው፣ ነቢዩን አይደለም።

ሌላም ስም አለ። እኛ «ግራኝ» እየተባለ ሰምተን ያደግነው ሰው፣ ለብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን ኢማም አሕመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ካደረገ በኋላ፣ በ1543 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ፣ ስንት ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ተቃጠለ። ይህን አንሸፋፍነውም። ግን በዚያው እሳት መካከል አባ እንባቆም የሚባል ሰው ነበር። ከየመን የመጣ፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ፣ ማለትም የገዳሙ አለቃ፣ የሆነ ሰው ነው። «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ድርሰቱን ለኢማሙ ጻፈ። ለስላሳ ጽሑፍ እንዳይመስላችሁ፣ ሙግት ነው። የሚሞግተው ግን ከራሱ ከቁርኣን እየጠቀሰ ነው። አረብኛ ያውቃል፣ መጽሐፉን አንብቦታል። እኛ ዛሬ በስልካችን ላይ የአማርኛ ትርጉም እያለን፣ የምናነበው ሰው ቆርጦ የለጠፈውን ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደግሞ የቃላቱ ነገር ነው። ቁርኣን የኢየሱስን ደቀ መዛሙርት «ሐዋሪዩን» ይላቸዋል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከኛው ከግዕዝ «ሐዋርያ» ያመጡታል። 5ኛው ምዕራፍ «አል ማኢዳ» ይባላል፤ «ማእድ» የሚለውን እዚያ ውስጥ አልሰማችሁም? ሙስሊሞች የቁርኣኑን ጥራዝ «ሙስሐፍ» ይሉታል። ይኸኛውን ያለ እኔ እርዳታ ታገኙታላችሁ።

ቃላቱ ባሕር የተሻገሩት በሰው ነው፤ ሰዎችም ወዲህ መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ከመካ ስደት የሸሹ የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ «ነቢያችሁ ካመጣው አንዳች አሰማኝ» ሲል ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሱረቱ መርየም ስለ ማርያም የሚናገረውን አነበበለት። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ ይላል ታሪኩ። ተከትለዋቸው ለመጡት የመካ መልእክተኞችም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ሙስሊሞች ንጉሡ ኋላ ሰለመ ይላሉ፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም። ሁለቱንም እናነባለን።

ልዩነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። የቁርኣን 4ኛው ምዕራፍ ኢየሱስን አልሰቀሉትም ይላል፤ «ሦስት አትበሉ» የሚለውም እዚያው ነው። ይህ የእምነታችን አንኳር ነው፤ በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። ሙሉ ሁለት ሳምንት እንቀመጥበታለን። ግን ከዚያ አንጀምርም። ከጠብ የጀመረ ትውውቅ ወዴት እንደሚሄድ እድር ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። ሱረቱ መርየምን፣ ማለትም 19ኛውን ምዕራፍ፣ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እና 2 ጋር ጎን ለጎን አንብቡ። 98 አንቀጽ ነው፤ ባንድ ምሽት ያልቃል። በቁርኣኑ ዮሴፍ የለም፣ ግርግም የለም። ማርያም ምጥ ይዟት የዘንባባ ግንድ ተደግፋ ብቻዋን ናት፤ «ግንዱን ወዝውዢው፣ ተምር ይረግፍልሻል» ትባላለች። ያልገባችሁን ጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሼህ እንግዳችን ይሆናሉ። ጥያቄዎቻችሁን ለሳቸው ታቀርባላችሁ። ስብከታችሁን ግን የዚያን ቀን ቤት ትታችሁት ኑ።