ሁለት ወር ሐዋሳ፦ ተራ ማክሰኞ እንዴት ይዋላል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው በኅዳርና በታኅሣሥ ከሚኒያፖሊስ፣ ከስቶክሆልም፣ ከፍራንክፈርት በረዶውን ሸሽተው አንድ ሁለት ወር አገር ቤት ለሚከርሙ ሰዎች ነው። ስለ ሰርግና ስለ ዘመድ ጥየቃ አይደለም፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ቤት ተከራይቶ የተቀመጠ ሰው ተራ ማክሰኞን እንዴት ይዋል? ጥያቄዬ ይኼ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በስድስት ሳምንት ላሊበላንም፣ ሐረርንም፣ አርባ ምንጭንም ልይ የሚል ሰው እረፍቱን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። አንድ ከተማ ተቀመጡ፣ ሽርሽሩን አሳጥሩት፣ ሰዓቱን ግን ምረጡ። ሐዋሳ ላይ የትም ሄዳችሁ ዞሮ ዞሮ ያው ሐይቁ ጋ ነው የምትደርሱት። ቀኑን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ ነው።

ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 28 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ግን ወደ 10 ዝቅ ይላል። ሻንጣውን በቁምጣና በካናቴራ ብቻ የሞላ ሰው ጠዋት ሐይቅ ዳር ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። ሹራብ ያዙ፣ ወይ ጋቢ ተዋሱ። ፀሐይ ከጠዋቱ 12፡30 ገደማ ትወጣለች፣ አራት ሰዓት ሲሆን ትከብዳለች። አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም፣ ከፍታው ደግሞ ጨረሩን ያበረታዋል። «እኛ ጥቁሮች አንቃጠልም» የሚለውን ተዉት፣ በተለይ ልጆች ካሉ። ሰፊ ኮፍያና ኤስፒኤፍ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል፣ ቅባቱ ደግሞ ጠዋት አንዴ ተቀብቶ የሚረሳ አይደለም፣ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ጀልባ የጠዋት ነው፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ውሃው ረግቶ ይተኛል። መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ትንንሾቹ ጀልባዎች ይወዛወዛሉ፣ ውሃም ይረጫችኋል። ሳትሳፈሩ ሦስት ነገር ጨርሱ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ለስንት ደቂቃ ነው? ላይፍ ጃኬቱስ ይቆለፋል? ብዙ ጊዜ ጃኬቱ አለ፣ መቆለፊያው የለም። ጉማሬ ለማየት ከወጣችሁ ደግሞ ባለ ጀልባውን «ራቅ ብለህ አቁም» በሉት። ጠጋ የሚለው እናንተን ለማስደሰት ብሎ ነው፣ ዝም ካላችሁ የወደዳችሁት ይመስለዋል። ጆሮውና ዓይኑ ውሃ ላይ የሚታይ ጉማሬ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል፣ የሚያስፈራው ጠልቆ የጠፋው ነው።

ከጀልባው ወርዳችሁ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው። ዓሣ አጥማጆቹ የሌሊቱን ይዘው የሚገቡት ጠዋት ነው፣ ረፋድ ላይ የምታገኙት ተመርጦ የቀረውን ነው። በብዛት የሚታየው ቆሮሶ ነው፣ ከእሱ ሌላ አምባዛም አለ። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጎላ ብሎ ያበራል፣ ስንጥቡን ስትገልጡት ቀይ ነው፣ ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይነሳል። ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ ቡናማ የሆነውን ቢረክስም እለፉት። ሙሉውን የሚጠበስ ከሆነ ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ ድረስ መሰንጠቅ አለበት፣ አለበለዚያ ውጩ ሲቀላ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱንም እዩት፤ ከጠቆረ ሾርባ እዘዙና ተገላገሉት። እዚያው በዳጣ የሚበላው ጥሬ ዓሣ ወዳጅ አለው፣ ግን ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፣ እኔ ለእንግዳ አልመክረውም። ኅዳርና ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ስለሆነ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየነፍስ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

አባ ኮዳዎቹ ሆድ ዕቃ ሲጣልላቸው እግራችሁ ሥር ይጋፋሉ። ሰው አይነኩም፣ ግን ልጅ ዓሣ በእጁ ይዞ አጠገባቸው አይቁም። ዛፉ ላይ ያሉት ጉሬዛና ጦጣም እንዲሁ። ጦጣ ላስቲክ ካየ ውስጡ ሙዝ አለ ብሎ ነው የሚያስበው። አትመግቧቸው፣ ለምደው ነው የሚነጥቁት።

ወፍ የምትወዱ ከሆነ የሩቅ ማያ መነጽር (ባይናኩላር) ይዛችሁ ኑ። በዚህ ወቅት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚከርሙ ወፎች አሉ። በመስከረም አካባቢ ይገባሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ከእናንተ የተሻለ የቆይታ ፈቃድ አላቸው።

ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ግቡ። ይኼን ስል ብዙ ሰው «ታዲያ ምን ልሠራ መጣሁ?» ይላል። ቀትር ላይ ከተማው ራሱ ይተኛል። ምሳ፣ መጽሐፍ፣ ሸለብታ። ስፕሪስ ስታዝዙ «ስኳር የለው» በሉ፣ አቮካዶና ማንጎው ራሱ ይበቃል።

አሁን ዋናው፦ ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ። ምክንያቱ ጉማሬ ብቻ አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለበት። ትሉን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይኖራሉ፣ ልጆች የሚንቦጫረቁትም እዚያው ነው። ትሉ በቆዳ ይገባል፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ስለዚህ «እግሬን ብቻ» ማለት አያድንም። መዋኘት ያማረው ሰው የሆቴል ገንዳ ይግባ፣ ወይ አንድ ቀን መድቦ ላንጋኖ ይውረድ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው እየተባለ ብዙ ሰው የሚዋኝበት እሱ ነው። እዚያም ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ስለሚያይል ጠዋት ግቡ።

አሥር ሰዓት ላይ ውጡ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ይመቻታል፤ ከመከራየታችሁ በፊት ፍሬኑን ሁለቱንም ጨብጣችሁ ሞክሩ። ባጃጅ ስትይዙ ኮንትራት ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር፣ እሱን ተነጋገሩና ግቡ። ታቦር ተራራ መውጣት ለፈለገ ማለዳ ይሻላል፣ ብቻውን ግን አይሂድ። ምሽቱ የፍቅር ሐይቅ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለው መናፈሻ፦ በእግር መንሸርሸር፣ ቡና፣ ሰው ማየት። ፀሐይ 12፡15 ገደማ ትጠልቃለች። ጨለማ ሲይዝ መብራት ከሌለበት ዳርቻ ራቁ፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ተቀቡ፣ አጎበር ዘርግታችሁ ተኙ።

የወባ ነገር የውጭ ነዋሪውን የሚያታልለው «ተወልጄ ያደግሁበት ነው» በሚል ነው። ሰውነት ያዳበረውን ወባን የመቋቋም አቅም ውጭ አገር ጥቂት ዓመት ሲቆይ ያጣዋል። ከዝናቡ በኋላ ያሉት ወራት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ደግሞ የወባ ዋና ጊዜ ናቸው። መከላከያ ክኒኑን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ አንዳንዱ ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብሎ የሚጀመር ነው።

አንድ የቀን ጉዳይ አለ። ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከየአገሩ ሕዝብ ይጎርፋል። ክፍል አይገኝም፣ የተገኘውም ይወደዳል። ንግሡን ለማየት ከሆነ ቀድማችሁ ያዙ፣ ጸጥታ ከሆነ የምትፈልጉት ያንን ሳምንት ከከተማ ውጡ። ገናና ጥምቀትም ሐይቅ ዳሩን ያጨናንቁታል። ከአዲስ አበባ በመኪና ለምትመጡ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ ተነሱ፣ በጨለማ አትንዱ፣ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ አውሮፕላን አለ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ወር ቢያልፍም እንኳ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ቀን ሄዳችሁ «ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት» በሉ። የሐይቁን ውሃ የነካ ደግሞ የቢልሃርዚያ ምርመራውን ከነካበት ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ያድርግ። ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ጊዜ ስለሚፈልግ ቶሎ የተደረገ ምርመራ ንጹሕ ነህ ብሎ ሊያሳስት ይችላል።