ሥዕሉ የተላጠባት ቤተ ክርስቲያን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከሐሳቤ አልወጣ ብላኝ ነው ማይኩን የከፈትኩት።

ቦታው ስፔን፣ ካታሎኒያ፣ ፒሬኒስ ተራራ ላይ ነው። መንደሯ ታኡል ትባላለች። ቤተ ክርስቲያኗ ሳንት ክሊመንት ናት፣ በእኛ አጠራር ቀሌምንጦስ መሆኑ ነው። የተባረከችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በእሱ ነው የምላችሁ) ታኅሣሥ 10 ቀን 1123 ነው። በማግስቱ እዚያው መንደር ያለችውን የማርያምን ቤተ ክርስቲያንም ያው ጳጳስ ባረከ። ምን ያድርግ፣ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶ አንዷን ብቻ ባርኮ ይመለስ?

አሠራሩ ሮማነስክ የሚሉት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያው እንጨት፣ ዓምዶቹ ድቡልቡል። መጨረሻው ላይ ሦስት ግማሽ ክብ ግድግዳዎች አሉ፣ መንበሩ መካከለኛው ውስጥ ነው። ከጎን ስድስት ደርብ የደወል ማማ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እውነት ለመናገር ከሩቅ የሚታየው እሱ ብቻ ነው፣ የተቀረው ጎተራ ይመስላል።

የሚገርመው ግን ሥዕሉ ነው። ማለቴ፣ የሌለው ሥዕል። ክርስቶስ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ «እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ» የሚል መጽሐፍ ይዞ፣ ዓይኑ ትክ ብሎ የሚያይ፣ በአካባቢው ማዕድን ሰማያዊ የተቀባ። ያ ሥዕል አሁን ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጋዴዎች የተራራ አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል ገዝተው ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ፣ ሙር ከምትባል ሌላ የካታሎኒያ ቦታ የወጣው ዛሬም አሜሪካ፣ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ አለ። ባርሴሎናዎች ደነገጡና የቀረውን ራሳቸው አነሱት፣ ከ1919 እስከ 1923 ባለው ጊዜ። ጨርቅ በሙጫ ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ሲደርቅ ቀለሙን ከነጨርቁ ላጡት፣ ከዚያ ጠቅልለው ወሰዱት። እኔ ሳነብ ጎንደር ትዝ አለኝ። እኛ ጋ ብዙ ቦታ ጨርቅ ላይ ይሣልና ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እነሱ ተገላቢጦሹን አደረጉት።

ባይወስዱት ይሸጥ ነበር፣ ይገባኛል። ግን መንደሩ ምን ቀረለት? ለብዙ ዓመት ቅጂ ተሥሎ ነበር፣ እሱም ተነሣ። ከ2013 ወዲህ መብራት ይጠፋና ሥዕሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይበራል። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልወድም ነበር፣ ሆኖም መስመሩ ቀስ በቀስ ሲመጣ፣ ቀለሙ ሲሞላ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ጸጥ አሉ። ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ መብራት መጣ፣ ግድግዳው ባዶ፣ እዚህም እዚያም የቀሩ ቁራጮች ብቻ።

ስወጣ እንደ ልማዴ የበሩን መቃን ተሳለምኩ፣ ትኬት ቆራጩ ግራ ገብቶት አየኝ። በሳምንቱ ባርሴሎና ሙዚየሙ ሄድኩ። ያው ክርስቶስ፣ ያው ዓይን። ሳላስበው ጠጋ ስል ጥበቃው «እባክዎ፣ ወደ ኋላ» አለኝ።